ከመኪናው በፊት ጨርቁ፤ በሚዛንና በቴፒ አካባቢ የመኪና ጥልፍ ብልሽት ምርመራና የተጎዳ ልብስ አጠጋገን

መግቢያ

ለመስቀል፣ ለጥምቀት ወይም ለሠርግ የተሠራ ነጭ ቀሚስ ከጥልፍ ቤት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ እንከን አይታይበትም። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ግን የአንገቱ ዙሪያ ይጨማደዳል፤ በደረቱ ላይ የተጠለፈው መስቀል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይጎብጣል። ባለቤቷ ጠላፊውን ትወቅሳለች፤ ጠላፊው ከእጁ ሲወጣ ደህና እንደነበረ ይናገራል፤ ሲጨነቅም በመኪናው ያመካኛል። ሁለቱም ያዩትን በትክክል ነው የሚናገሩት። የሚሳሳቱት ምክንያቱን ሲፈልጉ ነው፤ መኪናው በዚህ ዓይነቱ ጉዳት ውስጥ ያለው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነውና።

ይህ ጽሑፍ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና ምድር ሁኔታ ውስጥ የመኪና ጥልፍ ብልሽት እንዴት ሊመረመር፣ የተጎዳውም ልብስ እንዴት ሊተርፍ እንደሚችል ይመረምራል። መከራከሪያው አጭር ነው፤ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «የትኛው የመኪናው ክፍል ተበላሸ?» የሚለው ሳይሆን «ጉዳቱ መቼ ታየ?» የሚለው ነው። በስፌት ላይ ሳለ የታየ ጉዳት፣ ጨርቁ ከመወጠሪያው ሲወጣ የታየ ጉዳትና ከታጠበ በኋላ የታየ ጉዳት በመልክ ሊመሳሰሉ ቢችሉም መንስኤያቸው የተለያየ ነው፤ መድኃኒታቸውም እንዲሁ።

ጉዳዩ ከሙያ ጥያቄነት ያለፈ ክብደት አለው። በቡና አምራች ቤተሰብ ዘንድ ገንዘብ በእጅ የሚገባው በአብዛኛው በለቀማው ወራት ነው፤ የክት ልብስ ወጪም ከዚያ ይወጣል። የክት ቀሚስ ከተበላሸ ሌላውን ለመግዛት ቀጣዩን ለቀማ መጠበቅ ግድ ይሆናል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል ልብስ ለበዓሉ መድረስ እንዳለበት ያጠይቃል፤ ጠላፊውን ለጥድፊያ የሚዳርገው፣ ጨርቁም ሳይታጠብ ከመኪናው ሥር እንዲገባ የሚያደርገው ይኸው የቀን ቀጠሮ ነው።

የአየሩና የጨርቁ ጠባይ

ሚዛን በ1400 ሜትር ግድም፣ ቴፒ ደግሞ በ1200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡም አብዛኛውን የዓመቱን ወራት ይሸፍናል። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ልብስ የሚጠለፍባቸው ሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ከሚበዛባቸው ወራት ውስጥ ናቸው። በአንጻሩ በአገሪቱ ገበያ ላይ ከሚውለው ሸማ ብዙው የሚሸመነው በጋሞ ደጋማ ቦታዎችና በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን በመሳሰሉ ቀዝቃዛና ከፍ ያሉ አካባቢዎች ነው። ከዚያ ተሸምኖ የመጣ ጨርቅ በቴፒ ሲጠለፍ ከለመደው የተለየ አየር ውስጥ ይገባል።

ጥጥ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። የጨርቃ ጨርቅ ቤተ ሙከራዎች በሚመሩበት መደበኛ ሁኔታ፣ ማለትም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስና በ65 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት፣ ጥጥ ከደረቅ ክብደቱ 8 በመቶ ያህል፣ ሬዮን የተባለው አንጸባራቂ የጥልፍ ክር ከ11 እስከ 13 በመቶ፣ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ ውኃ ይይዛሉ። አየሩ ከዚያ በላይ ሲረጥብ ጥጡና ሬዮኑ የበለጠ ይስባሉ፤ ፖሊስተሩ እንደነበረ ይቆያል። ቡና አምራቹ የደረቀ ቡና እርጥበት ከ12 በመቶ ካለፈ በመጋዘን እንደሚሻግት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለቡናው አልጋ ሠርቶ ያሰጣል፣ እያገላበጠም ያደርቃል። በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ለቡናው የሚደረገው ጥንቃቄ ለጥልፍ ክር አለመደረጉ የሚያስገርም ነው።

ከክሩ ይልቅ አሳሳቢው ጨርቁ ነው። በሸማ ሥራ ድሩ በሽመና ዕቃው ላይ ተወጥሮ ይቆያል፤ ማጉ፣ በተለይ በእጅ የተፈተለው፣ ለስላሳና ልል ነው። ጨርቁ ከሽመናው ሲወርድ ያ ውጥረት ወዲያው ተሟጥጦ አይለቅም፤ ከፊሉ በጨርቁ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ውኃ ሲነካው የጥጡ ጭረቶች ያብጣሉ፤ አንዱ ክር በሌላው ላይ ለመዞር የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል፤ ስለዚህም ጨርቁ በጠቅላላው ያጥራል። ይህ መሰብሰብ ጉድለት አይደለም፤ የእጅ ሽመና ተፈጥሮ ነው።

በዚህ ረገድ ጥበብና ጥልፍ ያላቸው ልዩነት ሊጤን ይገባል። ጥበብ በሽመናው ዕቃ ላይ ከማጉ ጋር አብሮ የሚገባ ስለሆነ የጨርቁ አካል ነው፤ ጨርቁ ሲሰበሰብም አብሮት የመሄድ ዕድል አለው። የመኪና ጥልፍ ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ የሚጨመር፣ በሺህ በሚቆጠሩ ቋጠሮዎች የሚታሰር ሌላ አካል ነው። ጨርቁ መሰብሰቡን ሳይጨርስ በፖሊስተር ክር ከተጠለፈ ሁለቱ በአንድ ልብስ ላይ በየፊናቸው ይሄዳሉ።

በስፌት ላይ ሳለ የሚታይ ብልሽት

ክር መበጠስ፣ ስፌት መዝለልና ከጨርቁ ሥር ክር መተብተብ እዚሁ ይመደባሉ። ለእነዚህ ጥሩው መርማሪ የጥልፉ ጀርባ ነው። ሳቲን የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ስፌት በደንብ ሲሠራ፣ በጀርባው በኩል የታችኛው ክር መሐሉን ይዞ ከስፋቱ ሲሶ ያህል ይታያል፤ የላይኛው ክር ደግሞ ግራና ቀኙን ይይዛል። በጀርባው የታችኛው ክር ጨርሶ ከጠፋ የላይኛው ልልቷል፤ የታችኛው ክር በፊት ለፊት ነጭ ነጥብ እየሆነ ብቅ ካለ ደግሞ የላይኛው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም የቦቢኑ ልልቷል።

ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ከሥር የሚታየው የክር ትብትብ ነው። ችግሩ ከታች ስለሚታይ የቦቢኑን ቤት ብሎን ማጥበቅ ይጀምራሉ፤ መንስኤው ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከላይ ነው። በእግር በሚረገጥ ዚግዛግ መኪና በነጻ እጅ ሲጠለፍ የጨርቅ መርገጫው እግር ይወልቃል፤ ጠላፊውም እግሩ ስለሌለ ማንሻውን ማውረድ ይረሳል። ማንሻው ካልወረደ የላይኛውን ክር የሚጨብጡት ዲስኮች ክፍት እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ክሩ ያለ ልጓም እየወረደ ከሥር ይከማቻል። ክሩ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ይፈለጋል፤ ማንሻው ተነሥቶ፣ ዲስኮቹ ተከፍተው ክሩ በመካከላቸው መቀመጥ አለበት። ብሎን ከመነካቱ በፊት እነዚህ ሁለቱ ቢታዩ ብዙ ልብስ ከመበሳት ይድናል። የቦቢኑን ውጥረት ለመፈተን የቦቢኑን ቤት በክሩ ጫፍ አንጠልጥሎ እጅን በቀስታ መንቀጥ ይበቃል፤ ጥቂት ወርዶ ከቆመ ልኩን ይዟል፤ ሳይቆም ከተንሸራተተ ልልቷል፤ ንቅንቅ ካላለ ጠብቋል።

ክር በተደጋጋሚ ሲበጠስ መጀመሪያ የሚቀየረው መርፌው ነው። በእርጥብ አየር የተቀመጠ መርፌ ዓይን በማያየው ዝገት ይሻክራል፤ የሻከረ የመርፌ ቀዳዳም ሬዮንን እንደ ሞረድ ይፍቃል። ጫፉ መጉበጡን ለማወቅ በናይለን ካልሲ ላይ ማሳለፍ ነው፤ ከያዘ ይጣላል። ስምንት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ መርፌ መቀየር በሙያው የተለመደ መመሪያ ነው። ለሸማ 75/11 ቁጥር ያለውና ጫፉ በመጠኑ ድቡልቡል የሆነው መርፌ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ልሉን ማግ ሳይቆርጥ ገለል አድርጎ ያልፋል። ሹሉ መርፌ ጥርት ያለ መስመር ይሰጥ ይሆናል፤ የቆረጠው ማግ ግን የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ክሩ ይጠየቃል። ሬዮን ሲረጥብ ከጥንካሬው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል፤ በዝናብ ወራት በክፍት መደርደሪያ የከረመ የሬዮን ክር በጋ ላይ ከሠራበት የውጥረት ልክ ጋር ላይስማማ ይችላል። ብልሃቱ ክሩን በሚከደን ዕቃ ውስጥ፣ በጫማና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ካርቶን ከሚገኘው የሲሊካ ከረጢት ጋር ማስቀመጥ ነው፤ ከረጢቱም እርጥበት ሲጠግብ በመጠነኛ ሙቀት ደርቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ብዙ ብናኝ ስለሚጥል የቦቢኑ አካባቢ ቶሎ ቶሎ በብሩሽ መጠረግ አለበት። በአፍ እፍ ማለት የተለመደ ቢሆንም የትንፋሽን እርጥበት ብረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ብናኙንም ወደ ውስጥ ይነዳል።

በኮምፒውተር በሚሠሩት የጥልፍ መኪኖች ላይ የሚጨመር አንድ ችግር አለ፤ እርሱም የመብራት መቋረጥ ነው። መብራት ሲመለስ ጨርቁ የተወጠረበት ፍሬም ከነበረበት ጥቂት ፈቀቅ ካለ ንድፉ ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ጨርቁን ከፍሬሙ አለማውጣት፣ መኪናውን ሲያስነሡ ጥቂት ስፌቶች ወደ ኋላ ተመልሶ መርፌውን በእጅ አውርዶ ከቀድሞው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ማየት ያስፈልጋል።

ከመወጠሪያው ሲወጣና ከታጠበ በኋላ

ጨርቁ ከመወጠሪያው ክብ ሲወጣ ወዲያው ከተጨማደደ ጥፋቱ አወጣጠሩ ላይ ነው። እንደ ከበሮ ተስቦ የተወጠረ ሸማ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጥልፉ ግን በተሳበው ልክ ተሰፍቷል። ጨርቁ ሳይሳብ፣ ሳይሸበሸብም ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። የስፌቱ ጥቅጥቅነትም ይጠየቃል። ለተለመደው 40 ቁጥር ክር በሳቲን ስፌት መሥመሮች መካከል የሚሰጠው ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ልክ ለጥብቅ የፋብሪካ ጨርቅ የታሰበ ስለሆነ ለሸማ ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ጨርቁ ይተነፍሳል።

ከሥር የሚደረገው ገበርም ሌላ ፈተና ነው። በውኃ የሚሟሟው ዓይነት በመጀመሪያው እጥበት ይጠፋና ጥልፉን ለልሉ ጨርቅ ብቻ ይተወዋል፤ የማይሟሟው ወፍራም ገበር ደግሞ በስሱ ሸማ ውስጥ ጥላ ሆኖ ይታያል። አስቀድሞ የታጠበ ስስ አቡጀዲ፣ ከዚያም የተሻለ ከዚያው ሸማ የተቆረጠና የታጠበ ቁራጭ ከሥር ቢደረግ ገበሩና ልብሱ አንድ ጠባይ ይኖራቸዋል።

ከታጠበ በኋላ የሚታየውን መጨማደድ ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በጨርቁ ላይ በነጭ ክር 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ምልክት ይደረጋል፤ ጨርቁ በቤት በሚታጠብበት መንገድ ታጥቦ፣ ሳይወጠር ደርቆ እንደገና ይለካል፤ የጎደለው ሴንቲ ሜትር በሁለት ሲባዛ መቶኛው ይገኛል። ለድሩና ለማጉ አቅጣጫ ለየብቻ መለካት ግድ ነው፤ የሁለቱ አሰባሰብ እኩል አይሆንምና። ለምሳሌ በአንዱ አቅጣጫ 50ው 47 ቢሆን መሰብሰቡ 6 በመቶ ነው። በዚህ ጨርቅ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የደረት ጥልፍ ቢሠራ፣ ከእጥበት በኋላ ጨርቁ 28.2 ሴንቲ ሜትር መሆን ይፈልጋል፤ የፖሊስተሩ ጥልፍ ግን 30ውን አይለቅም። ትርፉ 1.8 ሴንቲ ሜትር መሄጃ ስለሌለው ማዕበል እየሆነ ይነሣል። ይህን የትኛውም የብሎን ማስተካከያ አይመልሰውም። ጨርቁ ከመጠለፉ በፊት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ ታጥቦ በጥላ ቢደርቅ ግን ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል። አዲስ ልብስ መልኩን ያጣል በሚል እጥበትን የሚቃወሙ ደንበኞች ይኖራሉ፤ የልኬቱን ውጤት በዓይናቸው ቢያዩ ሐሳባቸውን ለመቀየር ይቀላቸዋል።

የተጎዳውን ልብስ ማትረፍ

የተሳሳተ ጥልፍ ሲፈታ ሥራው ከጀርባ ይጀምራል። የታችኛው ክር በየጥቂት ስፌቱ በትንሽ መተርተሪያ ይቆረጣል፤ ከዚያ ጨርቁ ተገልብጦ የላይኛው ክር በወረንጦ ይነሣል። ከፊት ለፊት በምላጭ መፋቅ ፈጣን ነው፤ ብዙ ቀሚስ የጠፋውም በዚሁ ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም ምላጩ የጥልፉን ክርና የጨርቁን ማግ አይለይም። የተወሳሰበ ንድፍ የሚፈታው በተሰፋበት ቅደም ተከተል ተቃራኒ፣ መጨረሻ ከተሰፋው ጀምሮ ነው።

ከተፈታ በኋላ የቀረው ቀዳዳ ምን ዓይነት እንደሆነ በአጉሊ መነጽር ወይም ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ መለየት ይገባል። ክሮቹ ገለል ብለው ብቻ ከሆነ ሸማ ከፋብሪካ ጨርቅ የበለጠ ይቅር ባይ ነው፤ በጥቂት ውኃ አርሶ በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ አንዴ በድሩ፣ አንዴ በማጉ አቅጣጫ ማሸት፣ ቀጥሎም በእንፋሎት መተኮስ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ክሩ ተቆርጦ ከሆነ ግን ማሸት ጉዳቱን ያሰፋዋል። ያን ጊዜ ከልብሱ ጠርዝ ወይም ከትራፊው ቁራጭ ክር ተመዝዞ፣ በደነዘዘ መርፌ አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያለፉ እንደ ሸማኔው ሥራ መጥቀም ነው። ሌላ ክር ነጭ ቢሆንም እንኳ ነጭነቱ አይመሳሰልም፤ ትራፊ ቁራጭ ለባለቤቷ መመለስ ያለበትም ለዚህ ነው።

በታጠበ ልብስ ላይ የተነሣ ማዕበል ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ሊቀንስ ይችላል። ልብሱ ረጥቦ በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ይዘረጋል፤ ከጥልፉ ዙሪያ ያለው ጨርቅ በማይዝጉ መርፌ ቁልፎች ቀስ ተብሎ ተስቦ ይያዛል፤ እስኪደርቅም ይቆያል። በሚቀጥለው እጥበት መደገም እንዳለበት ለባለቤቷ መንገር ተገቢ ነው።

ቀይ ወይም አረንጓዴ የጥልፍ ክር ቀለሙን በነጩ ላይ ሲለቅ የመጀመሪያው ሕግ ልብሱን አለማድረቅና አለመተኮስ ነው፤ የረጠበ ቀለም ይታጠባል፣ የተተኮሰ ቀለም ይቀራል። በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስራሉ የሚለው እምነት ለጥጥ አይሠራም፤ ኮምጣጤ የሚረዳው ለሱፍና ለሐር በሚሆኑ የቀለም ዓይነቶች ላይ ሲሆን፣ ጨው ደግሞ አንዳንዱን የጥጥ ቀለም ወደ ነጩ ጨርቅ ሊገፋው ይችላል።

በእርጥብ አገር ከሁሉ የከፋው ዝገት ነው። በመወጠሪያው ብሎን፣ በመርፌ ቁልፍ ወይም ለአንድ ሌሊት ተሰክቶ በቀረ መርፌ ምክንያት ነጩ ልብስ ላይ ቡናማ ነጥብ ይቀራል። የመጀመሪያው ሐሳብ በረኪና ነው፤ ይህ ግን ከስህተቶች ሁሉ ከባዱ ነው። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፤ ይልቁንም ብረቱ የበረኪናውን የማቃጠል ኃይል ስለሚያፋጥን ነጥቡ በነበረበት ቦታ ጨርቁ ሳስቶ ይቀደዳል። በረኪና የሬዮንን ቀለምም ያጠፋል፤ ነጭ ልብስ በበረኪና በሚታጠብበት ቤት ፖሊስተር ክር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለዝገቱ የሚሆነው አሲድ ነው፤ የሎሚ ጭማቂና ጨው አድርጎ በፀሐይ ማቆየት፣ ነጥቡ ሲሳሳ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ፣ ካስፈለገ መድገም። ሎሚው ሳይወጣ ልብሱ ከተተኮሰ አሲዱ በሙቀት ጥጡን ይበላዋል።

ሻጋታ የያዘው ልብስ ውኃ ከመንካቱ በፊት ደጅ፣ ከሌሎች ልብሶች ርቆ በብሩሽ ይራገፋል፤ ፀሐይ ይመታዋል። ሻጋታ ጥጥን ስለሚመገብ የቆየ ጥቁር ነጥብ ቢነጻ እንኳ ያ ቦታ መሳሳቱ አይቀርም፤ ጥቅጥቅ ያለ አዲስ ጥልፍም በዚያ ላይ መጨመር የለበትም። ቡና የፈሰሰበት ልብስ ከሳሙና በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ያግኝ፤ በቡና አገር ይህን ማንሣት ትርፍ ቢመስልም ረከቦት አጠገብ የማይቀመጥ የክት ቀሚስ የለም።

የተቆረጠው ክር ከበዛ፣ ቀዳዳው በእጅ ሽመና ከማይሞላበት ደረጃ ከደረሰ፣ የቀረው መንገድ መሸፈን ነው። አዲሱ ጥልፍ በተጎዳው ጨርቅ ላይ ሳይሆን በታጠበ ሌላ ቁራጭ ላይ ይሠራል፤ ቁራጩ እንደገና ታጥቦ፣ መሰብሰቡን ጨርሶ፣ በጉዳቱ ላይ በእጅ ስፌት ልል ተደርጎ ይያያዛል። ይህ ዘዴ ለጥገና የታሰበ ቢሆንም ለአዲስ ልብስም የተሻለው ሊሆን ይችላል፤ የእጅ ስፌቱ ጨርቁና ጥልፉ በየልካቸው እንዲንቀሳቀሱ ይፈቅዳል፣ ቀሚሱ ሲያረጅም ጥልፉ ተፈትቶ ወደ ሌላ ቀሚስ ይሻገራል። ጥልፍ ቤቱ በየትእዛዙ አንድ መዳፍ የሚያህል የታጠበ ናሙና ከነልኬቱ፣ የክሩንና የመርፌውን ዓይነት በጀርባው ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ባለቤቷ የተጨማደደ ቀሚስ ይዛ በተመለሰች ቀን ናሙናውና ቀሚሱ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ክርክሩም በመሐላ ሳይሆን በሴንቲ ሜትር ይሆናል።